ካሰች በጀምበሩ የማለች ዕለት

ኮኪት፣ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለአያ ጀምበሩ፤

ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ከመተማ እስከ ገለጉ ቢፈለግ አቻ አይገኝለትም። ፊደሉ ታጭዶ እንደቆመ የሰሊጥ ነዶ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ነው። እርግጥ ገለጉ ድረስ ሄጄ አላወዳደርኩም። ከመተማም ያየሁት የአንድ ጸሐፊ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ይበልጠኛል። እዚህ ኮኪትም ቢሆን መምህራችን አለች። እንግዲያው እንዲህ ይባል፦ ከእናታችን ከመነን ልጆች መካከል እንደኔ የሚጽፍ አልተወለደም። አንተ ፊደል አልቆጠርክ፣ እኅታችን ካሰች አልቆጠረች፤ በዚህ የሚሟገተኝ አይኖርም።

አዎ፣ ታናሽህ ውባንተ ነኝ። የማታውን መሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳልጠየቅ አነበዋለሁ። ባለቤቴ ሀብትነሽ «በቃሉ ይዞት ነው እንጂ ማንበብስ አያውቅም» እያለች ስሜን ታጠፋለች። ይህ ደብዳቤ መልስ ይሁናት።

እንዴት ከርመሃል? አገሩ ተስማማህ ወይ? ሙቀቱን አልጠይቅህም፣ ከሙቀት ጋር ዘመድ ነን። በእኛ በኩል ዝናቡ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጣ። ሰሊጡ ተራግፏል፣ ማሽላው ራሱን ደፍቷል። ከጎጃምና ከወሎ የመጡት አጫጆች ገና አልተመለሱም፤ ከፊሉ አገሩን እያነሳ ያንጎራጉራል፣ ከፊሉ ወባ ይዞት ጥላ ሥር ተጋድሟል። መንገዱ ሎሪ በሎሪ ሆኗል። አገሩ አንተ ትተኸው እንደሄድከው ነው፤ አንተ ግን ጎድለኸዋል።

ይህን የሚያነብልህ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ የተጻፈውን ብቻ እንዲያነብ ንገረው። ከራሱ አይጨምር። እኔ መጨመር ምን እንደሚያመጣ በሸንጎ ፊት አይቻለሁ፤ የምጽፍልህም የዚያን ዕለቱን ነገር ነው።

ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውስህ። አንተ የትራክተር ረዳት የነበርክበት ዘመን ትዝ ይልሃል? ሞተሩ ከተነሳ ሰው ጆሮ ላይ ቢጮህ እንኳ አይሰማም ነበር። ሹፌሩና ረዳቱ የሚነጋገሩት በእጅ ነበር። መዳፍ ወደ ታች ሲሆን ማረሻውን አውርድ፣ ጡጫ ወደ ላይ ሲሆን ቁም፣ ጣት ሲሽከረከር ዙር፣ አውራ ጣት ወደ አፍ ሲሄድ ውኃ። አንተ ያንን ንግግር ከናፍጣ ሽታህ ጋር ቤት ይዘኸው መጣህ። ካሰች በልጅነቷ ትኩሳቱ ጆሮዋን ይዞባት ከሄደ ወዲህ የሚያነጋግራት አልነበረም። እናታችን ትስማታለች፣ ታለቅስላታለች፣ ግን አታነጋግራትም። አንተ ደጅ ላይ ተቀምጠህ መዳፍህን ወደ ታች አደረግህ፤ ካሰችም ቁጭ አለች። ጣትህን አሽከረከርህ፤ ዞረች። ከዚያ አውራ ጣትህን ወደ አፍህ ስትወስድ ሮጣ ቅሉን አመጣችልህ። እማዬ «አንተ ልጅ፣ ልጄን ትራክተር አደረግሃት» አለች። እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካሰች ራሷ ጨመረችበት። ለሰው ሁሉ ስም አወጣች። እማዬ መቀነት ማሠር ሆነች። እኔ፣ መቼም ታውቀዋለህ፣ እንደ አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ እጅ ሆንኩ። አንተ ጥንቅሽ ነበርክ። ከማሽላው መሐል ጣፋጩን አገዳ እየመረጥክ በክራንቻህ ስትልጠው ስለምትውል፣ ጡጫዋን ወደ አፏ ጥግ ወስዳ ወደ ጎን ትስበው ነበር። ሽንፋ ወንዝ ዳር ሦስታችን ሆነን ያሳለፍነውን ቀን ሳስብ አንድም ድምፅ አይሰማኝም። የሚታየኝ እጅ ብቻ ነው። እንደዚያ ብዙ የተጫወትኩበት ዘመን ግን አላስታውስም።

አንተ በስልሳ ዘጠኙ ግርግር ወደ ሱዳን ስትሻገር ካሰች የአዛናው ሚስት ነበረች። አዛናውን ታውቀዋለህ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከማግባቱ በፊትም ያለ ቃል መኖር ለምዶ ነበርና እጇን በአንድ ክረምት ተማረው። ክረምት ብቻ ውኃ ከሚሞላው ኾር ማዶ ያለውን ጫካ ሁለቱ መነጠሩት። የገበሬ ማኅበሩም በአዛናው ስም መዘገበላቸው። ሲሠሩ ከሩቅ ያየሁ እንደሆነ ቆሜ ነበር የምመለከታቸው፤ አንዱ ዛፍ ሲቆርጥ ሌላው ቅርንጫፍ ሲጎትት፣ መሐል ላይ ቆም ብለው በእጃቸው አንድ ነገር ተባብለው ይስቃሉ። ምን እንደተባባሉ አንድም ቀን አልነገሩኝም።

አዛናው አምና መኸር ላይ ወባው ጸንቶበት ሞተ። ነፍሱን ይማር። ጥሩ ሰው ነበር፣ አትዘን ብዬ አልልህም።

ሐዘኑ ሳይወጣ የአዛናው ታላቅ ወንድም ዋሴ ካሰችን «ብቻዋን አትሆንም» ብሎ ወደ ግቢው ወሰዳት። እኛም መረቅነው። ክረምቱ ሲገባ የኾሩን ማዶ መሬት አርሶ ሰሊጥ ዘራበት። ካሰች መኮትኮቻዋን ይዛ ስትሄድ በትከሻዋ ይዞ አዞራትና ወደ ቤት መለሳት። ጠዋት ሄደች፣ መለሳት። በማግስቱ ሄደች፣ መለሳት። ከዚያም ለማኅበሩ «መሬቱን ፈቅዳ ሰጥታኛለች፣ በስሜ ይዛወርልኝ» ብሎ አመለከተ። ከተዛወረለት ካሰች ዕድሜዋን በሰው ማጀት ጥግ የምትኖር ጥገኛ መሆኗ ነው። ይህን ስነግራት ነገሩን ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር። እጄን ይዛ ወደ ሸንጎ ጎተተችኝ።

ሸንጎው የሚቀመጠው በድሮው የሰሊጥ መጋዘን ነው። ወለሉ የሎሪ ወገብ ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ጆንያ ለመጫን ተሠራ እንጂ ሰው ለመዳኘት አልተሠራም። መሰላልም ደረጃም የለው፤ ጎበዝ ይዘላል፣ ሴት በእጅ ትሳባለች። አያ ቸሩ፣ በግርግሩ ጊዜ አንድ እግራቸውን ያጡት፣ ከታች ቆመው ነው የሚሰሙት። ሰብሳቢው አያ ማሩ ናቸው። አስታወስካቸው? ለበሬ ሳይቀር ቀስ ብለው የሚናገሩት።

ካሰችን በሁለት ክንዷ ስበን አወጣናትና ቆመች። «ከሳሽ ቃሏን ትስጥ» ተባለ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ስሙን አልጽፈውም፣ በኋላ በጎ ሰው ሆኗል፣ «ዲዳ ከሳሽ አይሆንም፤ ሕጉ ወኪል ታቅርብ ይላል» አለ። አያ ማሩም «ወኪሏ ማን ነው?» ሲሉ ዋሴ ተነሳና «እኔ ነኝ፤ የምትኖረው እኔ ዘንድ ነው» አለ። ተከሳሹ የከሳሿ ወኪል ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ማንም አልሳቀበትም። እኔ እንኳ አልሳቅሁም።

ከዚያ ዋሴ መናገር ጀመረ። ይህች ሴት ምንም የማታውቅ ናት፣ ቢሰድቧት ትስቃለች፣ ቢያዝኑላት ትስቃለች፣ መሬት ይዛ ምን ታደርገዋለች፣ እኔ በእግዜር ፊት እንዳትራብ ብዬ ነው አለ። ክፉ ሰው አይምሰልህ። እሱ ራሱ የሚናገረውን ሳያምነው አልቀረም።

አያ ማሩ አገጫቸውን በበትራቸው ላይ ደግፈው ሰሙትና «ፈቅዳ ሰጠችኝ ብለሃል አይደል?» አሉት።

«ብያለሁ።»

«በምን አወቅህ?»

«ራሷን ነቀነቀችልኝ።»

«እንግዲያ ወይ ታውቃለች፣ ወይ አልሰጠችህም። ሁለቱን በሬ በአንድ እጅ አትጎትትም፤ አንዱን ልቀቅ።»

ዋሴ «ታውቃለች» አለ፤ ያ ነው የሚጠቅመው መስሎት ነው።

«ካወቀች ትናገራለች» አሉ አያ ማሩ። «የሚሰማት እንፈልግ።»

እኔ እዚህ ላይ ተነሳሁ። የእጇን ንግግር የማውቅ እኔ ነኝ አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ያ ዳኛም «ዲዳዋን በውሸታም አፍ ልንሰማት ነው?» አለ። ከታች ያሉትም ያከሉበት ነገር አለ፤ የአዞውን ታሪክ አነሱብኝ። ያ አዞ መቼም እውነት ነበር፤ ርዝመቱ ነው ያከራከረው።

አያ ማሩ አልሳቁም። ወደ ጥግ ወሰዱኝና በጆሮዬ አንድ ነገር ነገሩኝ። «አፍህን ሳታንቀሳቅስ በእጅህ ብቻ ይህን ንገራት፤ ካደረገችው አምናችኋለሁ» አሉኝ። እኔም ተመልሼ ነገርኳት። ካሰች እንዳበደ ሰው አየችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን በደረቷ ላይ መታ አድርጋ ወደ ሰዉ ጠቆመች፤ «ማን አለ?» ማለቷ ነው። መቼም ያልታየና ያልተባለ ነገር አታምንም። ወደ አያ ማሩ አመለከትኳት። አየቻቸው፤ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። ቀጥ ብላ ወደ ዋሴ ሄደችና ከራሱ ላይ የጠመጠመውን ፎጣ በሁለት እጇ ቀስ ብላ ፈትታ፣ ደህና አድርጋ አጥፋ፣ በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ሰጠችው።

አያ ማሩ «ተማም፣ ደህና ነው» አሉ፤ ከሱዳን ነጋዴ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። «ቃሏን ተቀበል።»

ካሰች ፊት ለፊቴ ቆመች። እጆቿን አነሳች፣ ጥቂት ነገር አለች፣ አወረደቻቸው። እንግዲህ ታውቀኛለህ፤ መጋዘኑ ሙሉ ሰው እኔን ያያል፣ ድምፄ በቆርቆሮው ላይ ይመለሳል። እህ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። የተከበራችሁ ዳኞች ሆይ አልኩ። የመበለት እንባ ሽንፋን ያጥለቀልቃል አልኩ። አዛናውን አንበሳ፣ ጫካውን ዋሻ፣ መጥረቢያውን መብረቅ አደረግሁት። ቃሉ እየጣፈጠኝ ሄደ፤ አንዲት ሴት እንዲያውም ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ካሰች ሰዉን አየች፣ እኔን አየች። የእሷ እጅ ትንሽ፣ የእኔ አፍ ብዙ መሆኑ ገባት። መጣችና እጇን አፌ ላይ ጫነችው። ከዚያ ፊታቸው ላይ እጇን እንደ አፍ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አድርጋ በሌላው እጇ ቆረጠችው።

«ምን አለች?» አሉ አያ ማሩ።

«ምንም አላለች» አልኩ።

«ተርጉም።»

«‹አንተ ለፍላፊ፣ ይበቃሃል› ብላለች።»

የዚያን ጊዜው ሳቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። አያ ማሩ ግን በበትራቸው ወለሉን መትተው ሥርዓት አወጡ። አስተርጓሚ እጇ የሚሄድበትን ያህል ብቻ ይናገራል፤ እጇ ሲወርድ አፉ ይዘጋል፤ ከጨመረ ይቀጣል። በዚያ ላይ ትራክተር ላይ ሠርቶ የሚያውቅ የወሎ አጫጅ ፈልገው ካጠገቤ አቆሙ፤ የእጁን ንግግር ሁሉንም ባያውቅም ስጨምር ያውቃል።

እንደገና ተናገረች። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ አለች፦ «አዛናውና እኔ መነጠርነው። አዛናው ሞተ። ይኸኛው መጣ፣ በትከሻዬ ይዞ አዞረኝ። ራሴን የነቀነቅሁት ርቦኝ ነው። ገንፎ ይዞ መጥቶ ‹ትበያለሽ?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩ።»

ሌላ ነገር የለበትም። የወሎው ሰው «ልክ ነው» አለ። ዋሴ ወደ መሬት አየ።

ያ ዳኛ ግን «መሐላስ?» አለ። «ቃል የሰጠ ሁሉ ይምላል። አፍ የሌለው በምን ይምላል?»

በእኛ እጅ ደግሞ መሐላ የሚባል ነገር የለም፤ ትራክተር አይምልም። እንደምንም አስረዳኋት። ውሸት ከሆነ የምትወጂው ሰው ይሞታል፤ ማን ይሙት? አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ለምን ትጠይቀኛለህ የምትል መሰለች። ብዙ አሰበች፣ አየችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔን የምትጠራ መስሎኝ አንገቴን አቃንቼ ነበር።

ጡጫዋን ወደ አፏ ጥግ ወሰደችና ወደ ጎን ሳበችው።

ያንን እኔ አልተረጎምኩትም፤ የሚያስፈልገው አልነበረም። አያ ቸሩ ከታች ሆነው ቀስ ብለው «ጀምበሩ ነው፤ የመነን ልጅ» አሉ። ከአንተ ጋር ጥንቅሽ የበላ ሁሉ፣ ከአንተ ጋር ትራክተር የገፋ ሁሉ ያንን እጅ ሲያይ አንተን አየ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስምህን በሰው ፊት ያልጠራ ሰው ነው ያየህ። እሷም መዳፏን አጋድማ ወደ መሬት አወረደችው። ይሙት ማለት ነው።

ዋሴ ተነሳ። «ይህ መሐላ አይደለም» አለ። «ጀምበሩ ሞቷል። እርሙን አውጥታችኋል፤ እኔ ራሴ ለቅሶ ደርሻለሁ። የሞተን ሰው ‹ይሙት› ማለት የሌላትን ማስያዝ ነው።»

ይህን ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር። ከሄድክ በኋላ ከሱዳን የተመለሱ አጫጆች በዶካ መንገድ ላይ ሞተሃል ብለው ነገሩን። እማዬም፣ ነፍሷን ይማር፣ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ተቀምጠን አለቀስንህ። ለካሰች ስንነግራት «ማን አየው?» አለች። አጫጆቹ ከሌላ ሰምተው ነው፤ ያም ከሌላ ሰምቶ ነው። ዓይን አልተገኘም። ከሐዘኑ ምንጣፍ ተነስታ ወደ አረሟ ሄደች። እኛም ነገሩ አልገባትም ብለን አዘንንላት።

አያ ማሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ውባንተ፣ ወንድምህ አለ ወይስ የለም? ማን አየው?» አሉኝ።

እኔም ነገርኳቸው። ዓሊ፣ ሰሊጥ የሚጭንልን የሱዳኑ የሎሪ ሹፌር፣ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ውስጥ እንዳየህ። ነጭ ጀለብያ ለብሰህ፣ ጢምህ ሸብቶ፣ ወፍረህ። እንዲያውም ጥንቅሽ እየላጥክ «እኅቴን ሰላም በልልኝ» እንዳልከው።

ያ ዳኛ ሊናገር አፉን ሲከፍት አያ ማሩ ቀደሙት። «በዚህ ጊዜ፣ በመንግሥት ሸንጎ ፊት፣ ‹ሱዳን የተሻገረ ወንድም አለኝ› ብሎ የሚዋሽ ሞኝ የለም» አሉ። «መሐላው ጸንቷል። ዋሴ፣ ተራው ያንተ ነው። ‹አውቃ ሰጥታኛለች፤ ካልሰጠችኝ ልጄ ይሙት› በልና መሬቱን ውሰድ።»

ዋሴ አንድ ልጅ ነው ያለው፤ ስንት ዘመን ተስሎ ያገኘው። «በራሴ ልማል» አለ።

«እሷ በራሷ አልማለችም» አሉት።

አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። እንደገና ሞከረ። ሌባ መባልን የሚችል ሰው ነበር፤ ያችን ግን አልቻላትም። ወደ ዘበኛው ሄዶ ፎጣውን ተቀበለና ፊቱን ጠረገበት። «ትውሰደው» አለና ከመጋዘኑ ዘሎ ወረደ። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ተመልሼ ሳስበው እሱንም አልጠላውም። ካሰችም አልጠላችውም። የዘራውን ሰሊጥ ራሱ ያጭደው፣ መሬቱ ግን የእኔ ነው አለች፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩ።

ሸንጎው ሊነሳ ሲል አያ ቸሩ ከታች በምርኩዛቸው ግድግዳውን መቱ። «ለጆሮዋ እጅ ከተገኘላት ለእግሬስ? እዚህ ቆሜ ሁለት ጊዜ ተረትቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፍርዱን የሰማሁት በሰው አፍ ነው» አሉ። አያ ማሩ ወርደው አጠገባቸው ቆሙና ከዚያ ሆነው ወደ ላይ አዩ። ምን እንዳዩ እንጃ፣ ሸንጎው በሚቀጥለው ጊዜ ታች መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በየማኅበሩ የሥራ ቀን አፈር እየተደለደለ፣ አህያ ሳይቀር የሚወጣበት አቀበት ተሠራለት። ዘበኛው አሁን የሚያባርረው ፍየል ነው።

እኔም የሸንጎው አስተርጓሚ ተብያለሁ። ደመወዝ የለውም፣ ወንበር ግን አለው። ከሽንፋ የመጣ አንድ ዲዳ ሰው ሲቀርብ፣ የእጅ ንግግር በዓለም ሁሉ አንድ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ፤ አንዲት ነገር አልገባኝም። ለካስ የእኛ የትራክተር ነው፣ የእሱ የከብት ነው። እናቱ ከሽንፋ እስክትመጣ ነገሩ በቀጠሮ ታለፈ። አንተ ብትኖር ግን እንዲያ ቆመህ ስቀህብኝ፣ ምሳ ሳይደርስ ከሰውየው ጋር ትግባባ ነበር።

ካሰች ከኾሩ ማዶ ጎጆዋን ቀልሳለች። ዋሴ ሰሊጥ ባልዘራበት ጥግ የዘራችው ማሽላ ከእኔ ማሽላ ይበልጣል፤ ይህን ለሀብትነሽ አልነገርኳትም። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ደጅ ላይ ቁጭ ብለን ድሮ አንተ ያስተማርከንን እንጫወታለን። የምትናገረው እሷ ናት፤ እጁ ግን የአንተ ነው። መዳፏን ስታወርድ እንኳ እንዳንተ ጣቷን ትንሽ ትበትናለች።

በል እንግዲህ። የእማዬ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ጥላ ይሁንህ። ወባው አይድፈርህ፣ የሰው አገር ውኃ አይክበድህ። እግርህ ወደዚህ የዞረ ቀን መንገዱ ያጥርልህ፣ ኾሩም ደርቆ ይጠብቅህ።

የሚናፍቅህ ወንድምህ፣
ውባንተ፣ የመነን ልጅ

ከፊርማው በታች ቦታ ስለተረፈ ልጨምር። ዓሊ አላየህም። ገዳሪፍ ሰፊ አገር ነው አለኝ፤ ይህንን ደብዳቤ ይዞ ገበያ ለገበያ ይጠይቅልኛል። ጀለብያውን፣ ሽበቱን፣ ጥንቅሹን፣ ሰላምታውን በሸንጎ ፊት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የቀረው ሁሉ የሆነ ነው። ያን ቀን ከመጋዘኑ ስንወርድ ካሰች ክንዴን ይዛ «ማን አየው?» አለችኝ። «ዓሊ» አልኳት። «ከስቷል ወይስ ወፍሯል?» አለችኝ። «ወፍሯል» አልኳት። አሁን የሱዳን ሎሪ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥታ ከሹፌሩ አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ታያለች። በአፌ የዋሸሁትን የኮኪት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በእጄ ስዋሽ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።